ቆላ የሚለው ቃል

የተከበራችሁ ቄሶች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ልጆች፤ ወደ አማርኛው የማታ ትምህርት መክፈቻ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ብዙ ነገር እንድናገር ታዝዣለሁ። እኔ ግን የመጣሁት ለአንድ ቃል ነው፦ «ቆላ»፤ ቡና ቆላ እንደምንለው።

በ1991 እ.ኤ.አ. ቤተ እስራኤላውያንን ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ባመጣው በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል እንደመጣን፣ ገና ወራት ሳይሞላን፣ እናቴ ገበያ ይዛኝ ወጣች። ያኔ ከ«ሻሎም» በቀር ዕብራይስጥ አታውቅም። አንድ ነጋዴ ከዱባ ፍሬ ክምር ኋላ ቆሞ «ካሉይ! ካሉይ!» ይላል። እናቴ ቀጥ አለች። አንዲት ፍሬ አንስታ አሸተተች፣ በጥርሷ ከካ አድርጋ ቀመሰቻት። «ቆልቶት ነው እኮ! ቆላሁት ነው የሚለው» አለችኝ። ሰው ሰማን ብዬ አፈርኩ፤ እጇን ጎተትኩ። ለካስ ልክ ነበረች፤ «ካሉይ» በዕብራይስጥ «የተቆላ» ማለት ነው።

ግዕዙ «ቀለወ» ይላል፣ ዕብራይስጡ «ቃላ»፣ ዐረብኛው «ቀላ»፤ በጥንቱ አካድኛም «ቀሉ» ማቃጠል፣ መቁላት ነበር። ሥሩ አንድ ነው። አማርኛችን የመጨረሻዋን «ወ» ጥሎ ቆላ አለ፤ ቆሎንም ከዚያው አወጣ። በሻቩዖት በዓል በምናነበው መጽሐፈ ሩት፣ በገብስ አጨዳ ላይ ቦዔዝ ለሩት ያቀበላት «ቃሊ» የእኛው ቆሎ ነው። ዳዊትም ለወንድሞቹ ወደ ጦር ሜዳ ያደረሰው ይኸንኑ ነው።

እናቶች መቼም ታውቁታላችሁ፤ መቁላት መጥበስ አይደለም። ሥጋ ይጠበሳል፣ የሽሮ አተር ይታመሳል፣ ቡና ግን ይቆላል፤ እርጥበቱ ወጥቶ፣ ተንጣጥቶ፣ ወዙ ፊቱ ላይ እስኪታይ እጅ ከምጣዱ አይነሳም።

ታዲያ ልጄ አንደኛ ክፍል ሳለ አንዲት መምህርት ጠራችኝ። «ቤት ውስጥ አማርኛ አታናግሩት፣ ወደኋላ ያስቀረዋል» አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ስንቶቻችን እሺ ብለን ወጣን! ስንት ልጅ ከአያቱ ጋር በአስተርጓሚ እንዲነጋገር ፈረድንበት! ዛሬ እሺ አልልም። ሩት እጅ ላይ የነበረ ቃል ልጄን ወደኋላ አያስቀረውም! አማርኛ ለዕብራይስጥ የአክስት ልጅ ነው፤ በዘመዱ ቤት ድምፁን ዝቅ አያደርግም!

ስለ መማሪያ ሰዓቱና ስለ መጻሕፍቱ ኮሚቴው ይነግራችኋል። ልጆች፣ ቡናው ደጅ ላይ ሊቆላ ነው፤ ብረት ምጣዱን ተራ በተራ ትይዛላችሁ። ኑ።