ዛይሊን በደሴ ከፍታ፦ የሂስቶሎጂ ላቦራቶሪ ጥንቃቄ

[ምስል፦ ጦሳ ተራራ በማለዳ ጉም ተሸፍኖ ይታያል። ካሜራው ቀስ ብሎ መስኮቱ ወደ ተዘጋ የላቦራቶሪ ክፍል ይገባል።]

ተመልካቾቻችን፣ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ስለሆነች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሥራ ክፍሉ የገባ ሰው አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር መስኮት መዝጋት ነው። በተራ ቢሮ ውስጥ ይህ ማንንም አይጎዳም። ከታካሚ የተወሰደ ሥጋ እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ተነክሮ፣ በአልኮልና በቀላሉ በሚቀጣጠለው ዛይሊን በሚባል ፈሳሽ አልፎ፣ ሰም ጠጥቶ፣ በስሱ ተቆርጦ ለማይክሮስኮፕ በሚዘጋጅበት የሂስቶሎጂ ላቦራቶሪ ግን የተዘጋ መስኮት የእነዚህን ፈሳሾች ተን ሁሉ ከሠራተኛው ጋር አብሮ ይዘጋበታል።

ጥንቃቄው የሚጀምረው ናሙናው ከሚመጣበት ዕቃ ነው። ከወልዲያ ወይም ከከሚሴ የሚላክ ናሙና በታካሚው ቤተሰብ እጅ፣ በአውቶብስ፣ በተለምዶ ሃይላንድ በምንለው የውኃ ፕላስቲክ ተይዞ ሊመጣ ይችላል። ፎርማሊን መልኩ እንደ ውኃ የጠራ በመሆኑ፣ መንገድ ላይ የጠማው ሕፃን ሃይላንዱን አንስቶ ሊጎነጭ እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም። ሌላም ጣጣ አለው። ለስላሳ ሆኖ በጠባቡ አፍ የገባ ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ሲያድር ይጠጥርና በገባበት አይወጣም፤ ባለሙያው ፕላስቲኩን በምላጭ ሲቀደው ፎርማሊኑ ወደ ፊቱ ይረጫል። ስለዚህ አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ፣ ከናሙናው መጠን 10 እጥፍ ፎርማሊን የሚይዝ ዕቃ ያስፈልጋል፤ የታካሚው ስምና «መርዝ ነው» የሚለው ቃልም በክዳኑ ላይ ሳይሆን በዕቃው ገላ ላይ መጻፍ አለበት፤ ክዳን ይለዋወጣልና።

[ምስል፦ ጓንት ያደረገ እጅ በፊውም ሁድ (ተን ስቦ በሚያስወጣ፣ ፊቱ መስታወት በሆነ መሥሪያ ሳጥን) ውስጥ 1 እጅ ፎርማሊን በ9 እጅ ውኃ ላይ ይጨምራል።]

«10 በመቶ ፎርማሊን» የሚለው አጠራር ብዙ ተማሪዎችን ያሳስታል። ከፋብሪካ የሚመጣው ፎርማሊን ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዴሃይድ የያዘ በመሆኑ፣ ከእርሱ 1 እጅ በ9 እጅ ውኃ ሲቀጠን የሚገኘው 4 በመቶ ገደማ ፎርማልዴሃይድ ነው። ከሁሉ የበለጠ ተን የሚያገኘውም ያልቀጠነውን ጠርሙስ ከፍቶ የሚቀጥነው ሰው ነውና ይህ ሥራ ከፊውም ሁድ ውጭ አይሠራም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ፎርማልዴሃይድን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት መካከል መድቦታል። አፍንጫችን ደግሞ አስተማማኝ ጠባቂ አይደለም፤ ሽታው መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያስለቅሳል፣ ጥቂት ቆይቶ ግን ይለመድና የጠፋ ይመስላል። «ለምጄዋለሁ» የሚል ሠራተኛ ከክፍሉ ወጥቶ እንደገና ቢገባ ሽታው እንዳለ ያገኘዋል። ፎርማሊን መሬት ላይ ሲፈስም በረኪና ማፍሰስ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሌላ መርዛማ ጋዝ ሊያወጡ ይችላሉ።

ፎርማሊን ዓይን ውስጥ ከገባ ሳያቋርጡ 15 ደቂቃ ማጠብ ያስፈልጋል። በደቂቃ ቢያንስ 1.5 ሊትር ውኃ መፍሰስ ስላለበት በድምሩ 22 ሊትር ተኩል ይሆናል። ቧንቧ ውኃ በሚቋረጥበት ቀን 20 ሊትር የሚይዝ አንድ ጀሪካን አይበቃም ማለት ነው። ቧንቧ የተገጠመላቸው ሁለት ንጹሕ ጀሪካኖች፣ ውኃቸው በየጊዜው እየተቀየረ፣ ዓይኑን የጨፈነ ሰው በዳበሳ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጡ።

[ምስል፦ የከሰል ምድጃ ላይ የተጣደ ጀበና፤ ከበስተኋላው የላቦራቶሪው በር።]

በወሎ ረፋዱ ያለ ቡና አይታለፍም፤ ላቦራቶሪም ከዚህ ነፃ አይደለም። ቡናው በጎረቤት ክፍል እስከተፈላ ድረስ ችግር የለውም ብሎ የሚያስብ ሰው ግን ዛይሊንን አያውቀውም። የዛይሊን ተን ከአየር ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለሉን ይዞ እየተሳበ በበሩ ሥር ያልፍና ከጉልበት በታች የተቀመጠውን የከሰል ምድጃ ያገኘዋል። እሳቱ የሚመለሰውም በመጣበት መንገድ፣ ወደ ዛይሊኑ ዕቃ ነው።

እዚህ ላይ የደሴ ከፍታ ራሱ ይገባበታል። አንድ ፈሳሽ የሚያወጣው ተን ብልጭታ ሲያገኝ ለመቀጣጠል የሚበቃበት ዝቅተኛ ሙቀት በጠርሙሱ ላይ ይጻፋል፤ ለዛይሊን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ቁጥሩ ግን የተሰላው ለባሕር ጠለል የአየር ግፊት ነው። ደሴ ላይ ግፊቱ የዚያ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ፈሳሹ በቀላሉ ይተናል፣ የመቀጣጠያው ሙቀትም በ6 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። «ክፍላችን ቀዝቃዛ ነው፣ 20 ዲግሪ አይሞላም» የሚለው መጽናኛ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ አይሠራም። ንጹሕ ኤታኖል ደግሞ በባሕር ጠለል 13 ዲግሪ አካባቢ ስለሚበቃው በማለዳው ብርድም ዝግጁ ነው። ወደ ኮምቦልቻ መውረድም መፍትሔ አይሆንም፤ ከፍታው ቢቀንስ ሙቀቱ ይጨምራልና።

መብራት ሲጠፋ ፊውም ሁዱ ይቆማል። ያን ጊዜ ዕቃዎቹ ይከደናሉ፣ የሁዱ መስታወት ይወርዳል፣ ሠራተኛውም ይወጣል። ሻማ በምንም ምክንያት አይለኮስም። ጓንትን በተመለከተ፣ ስሱ ናይትራይል ለፎርማሊን ቢያገለግልም ዛይሊን በጥቂት ደቂቃ ያልፈዋል፤ የነካውን ጓንት ወዲያው መቀየር ነው።

[ምስል፦ የማይክሮቶም ምላጭ በቅርበት። ብሩሽ የሰም ፍርፋሪ ይጠርጋል።]

ማይክሮቶም ሰም የጠጣውን ሥጋ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ውፍረት ይቆርጣል፤ ይህን የሚችል ምላጭ ጣትን ሲቆርጥ መጀመሪያ አያሳምምም። አብዛኛው ሰው የሚቆረጠው ሲቆርጥ ሳይሆን ሲያጸዳና ምላጭ ሲቀይር ይመስለኛል። መጀመሪያ ብሎኩ፣ ማለትም ሥጋውን የያዘው ሰም፣ ይታሰራል፣ ምላጩ በመጨረሻ ይገባል፤ ሲነሣ ደግሞ ምላጩ ይቀድማል። በመካከል እጅ ወደዚያ ከሄደ መዘውሩ ይቆለፋል፣ ስለቱ በመከለያው ይሸፈናል። የሰም ፍርፋሪ በጣት አይነካም፤ በብሩሽ ከምላጩ ጀርባ ወደ ስለቱ አቅጣጫ ይጠረጋል። የወደቀ ምላጭ ደግሞ በአየር ላይ አይቀለብም። በግራ አመልካች ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ ይህን ደንብ እያወቅሁ እጄ ከሐሳቤ ስለቀደመ የመጣ ነው፤ እግርን ወደ ኋላ መሳብን መለማመድ ይሻላል። ያገለገለ ምላጭ በቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክስ ይገባል።

[ምስል፦ «ያገለገለ ዛይሊን» የሚል ጽሑፍ ያለበት የብረት ዕቃ፤ ክዳኑ ይጠብቃል።]

ያገለገለ ዛይሊን ወደ ማጠቢያው አይደፋም፤ ተኑ በፍሳሽ ቱቦው ወደ ሌላ ክፍል ይወጣል፣ ፈሳሹም የቦርከናን ወንዝ ሊያገኝ ይችላል። ከፎርማሊን ተለይቶ በራሱ ዕቃ ይጠራቀም፤ ዕቃውም አፉ ድረስ አይሞላ፣ ከሰዓት ሙቀት ፈሳሹን ሲያሰፋው ክዳኑን ይገፋዋልና።