ሁለት ዘመን፣ ከዚያ በኋላስ? የሥልጣን ገደብ እንዴት ይጸናል፣ እንዴት ይፈርሳል

ብሩክ፦ ጤና ይስጥልን። ስለ መሪዎችና ስለ ታሪክ ሲነሣ ወሬው ቶሎ ወደ ጦርነቱ፣ ወደ አዋጁ፣ ወደ ትልልቁ ግንባታ ይሄዳል። ዛሬ የምናወራው ግን መሪ ሥልጣን ስለሚለቅበት ደንብ ነው። አንድ መንግሥት ለተከታዮቹ ከሚያወርሰው ነገር ሁሉ ይህን ያህል ክብደት ያለው የለም ብለን ነው እኔና ሂሩት የምናምነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን።

ሂሩት፦ ከአሜሪካ ልጀምር። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1797 ሁለተኛ የሥልጣን ዘመናቸውን ጨርሰው ሲለቁ ያስገደዳቸው ሕግ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ ስንት ጊዜ መመረጥ እንደሚቻል አይናገርም ነበር። ከዚያ በኋላ 140 ዓመት በላይ የቆየው ልማድ ብቻ ነው።

ብሩክ፦ ልማዱን ሊጥሱ የሞከሩ ግን ነበሩ።

ሂሩት፦ ነበሩ እንጂ። ዩሊሰስ ግራንት በ1880 ለሦስተኛ ጊዜ ለመወዳደር ፈልገው የገዛ ፓርቲያቸው ሌላ እጩ መረጠ። ያስቀራቸው ፍርድ ቤት ወይም ተቃዋሚ አይደለም። ፓርቲው ነው። ይህን ነጥብ ያዝልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ግን በ1940 ሦስተኛውን፣ በ1944 አራተኛውን ምርጫ አሸነፉ፤ በኤፕሪል 1945 ሥልጣን ላይ ሳሉ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው ልማዱ ሕግ የሆነው፤ 22ኛው ማሻሻያ በ1947 ከኮንግረሱ ወጥቶ በ1951 ጸደቀ።

ብሩክ፦ ማሻሻያው ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ሐረግ አለ። ሕጉ ሲቀርብ ሥልጣን ላይ የነበሩትን ፕሬዚዳንት፣ ማለትም ሃሪ ትሩማንን፣ አይመለከትም ይላል። ገደቡ የተጻፈው ለሚቀጥሉት ነው።

ሂሩት፦ አዎ። በሌላ አገር ትልቁን ችግር ያመጣው እንዲህ ዓይነቱ ድንጋጌ ነው። ወይም ደግሞ ድንጋጌው አለመኖሩ። አዲስ ሕገ መንግሥት ይወጣል፣ «ከሁለት ዘመን በላይ አይመረጥም» ይላል፣ ሕዝቡ ይደሰታል። ነገር ግን ሥልጣን ላይ ያለው ሰው እስካሁን ያገለገለው ዘመን ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ይህን ካልጻፉት ከዓመታት በኋላ ጥያቄው ፍርድ ቤት ይገባል። እዚያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ሥልጣን ላይ ያለው ነው።

ብሩክ፦ ሴኔጋልን እንውሰድ። ለዚህ ጉዳይ ከሷ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ሂሩት፦ አብዱላይ ዋድ በ2000 ለሰባት ዓመት ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በ2001 በራሳቸው አነሣሽነት አዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ፤ የሁለት ዘመን ገደብ አለው። በ2007 እንደገና ተመረጡ። በ2012 ሦስተኛ ሲጠይቁ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ «የመጀመሪያው ዘመን የተጀመረው በአሮጌው ሕገ መንግሥት ነው፣ አይቆጠርም» ብሎ ፈቀደላቸው። ዳካር በተቃውሞ ተናጠች። በመጨረሻ ያቆማቸው ሕዝቡ ነው፤ በማርች 2012 በሁለተኛው ዙር በማኪ ሳል ተሸነፉ፣ ሽንፈታቸውንም ተቀብለው ወጡ።

ብሩክ፦ ታሪኩ ግን በማኪ ሳል እንደገና ተጀመረ።

ሂሩት፦ ቃል በቃል ለማለት በሚያስደፍር መንገድ። ሳል በ2016 በሕዝበ ውሳኔ ዘመኑን ከሰባት ወደ አምስት ዓመት አሳጠሩ። በሥራ ላይ ያለው የራሳቸው የሰባት ዓመት ዘመን ግን እስከ 2019 ቀጠለ። በ2019 ተመረጡ። ከዚያ ደጋፊዎቻቸው «የአምስት ዓመቱ ደንብ ከወጣ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተመረጡት» ማለት ጀመሩ። አየህ፣ ዘመኑን ማሳጠር ጥሩ ነገር ነው፤ ርዝመቱ ሲቀየር ግን አዲስ ቆጠራ የሚጠይቅ ሰው ይመጣል። በጁላይ 2023 ሳል እንደማይወዳደሩ አስታወቁ።

ብሩክ፦ በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ ምርጫውን ወደ ዓመቱ መጨረሻ ሊገፉት ሲሉ ያው ምክር ቤት፣ በ2012 ለዋድ የፈቀደው ተቋም፣ መግፋቱን ሰረዘው። ምርጫው በማርች ተካሄደ፤ ባሲሩ ጆማይ ፋይ በመጀመሪያው ዙር አሸነፉ። ስለዚህ «ፍርድ ቤቱ ሁልጊዜ ለገዢው ነው» ማለትም አይቻልም። በ12 ዓመት ውስጥ የተለወጠው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የመሪው የፖለቲካ አቅም ተለውጧል። በ2024 ሳል የሚሄዱ ሰው ነበሩ፣ ዳኞቹም ይህን ያውቁ ነበር።

ሂሩት፦ ቡርኪና ፋሶ ላይ ግን መጨረሻው ሌላ ሆነ። የፕሬዚዳንቱን የብሌዝ ኮምፓኦሬን ታሪክ በቅደም ተከተል ካየኸው አብዛኛው ዘዴ እሱ ውስጥ አለ። የ1991ዱ ሕገ መንግሥት ገደብ ነበረው፤ በ1997 ተነሣ። ተቃውሞ ሲበረታ በ2000 ተመለሰ፣ ሁለት ጊዜ አምስት ዓመት ተብሎ። በ2005 «የ2000ው ማሻሻያ ወደ ኋላ አይሠራም» ተብሎ ቆጠራው ከዜሮ ተጀመረ። በ2005ና በ2010 አሸነፉ፣ ሁለቱም አለቁ። በኦክቶበር 30፣ 2014 ገደቡን የያዘውን አንቀጽ 37ን እንደገና ለመቀየር ምክር ቤቱ ድምፅ ሊሰጥ ሲል ሰልፈኛው ገብቶ ሕንፃውን አቃጠለው። በማግስቱ ከ27 ዓመት በኋላ ሥልጣን ለቀቁ።

ብሩክ፦ የዘመኑ ገደብ ተመልሶ ሲገባ ሰው «ድል አደረግን» ብሎ ሄደ፤ የሽግግር ድንጋጌውን ግን ያነበበው ጥቂት ነው።

ሂሩት፦ ብሩንዲን ጨምርበት። ፕሬዚዳንት ፒየር ንኩሩንዚዛ በ2005 የተመረጡት በምክር ቤት እንጂ በቀጥታ በሕዝብ አልነበረም። ስለዚህ በ2015 «የመጀመሪያው አይቆጠርም» አሉ፤ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም ተስማማ። የፍርድ ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ከውሳኔው በፊት አገር ጥለው ሸሹ፤ ዳኞቹ ላይ ጫና እንደነበረም ተናገሩ። በዚያው ሜይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከሸፈ፣ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሰውም ተሰደደ። ለአንድ ያልተጻፈ ዓረፍተ ነገር የተከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

ብሩክ፦ ሌላው መንገድ ደግሞ ወንበሩን ማንቀሳቀስ ነው። የ1993ቱ የሩሲያ ሕገ መንግሥት የከለከለው «በተከታታይ» ከሁለት ዘመን በላይ ነበር። ፑቲን በ2008 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፣ ሜድቬዴቭ ፕሬዚዳንት። በዚያው ዓመት መጨረሻ የፕሬዚዳንቱ ዘመን ከአራት ወደ ስድስት ዓመት ረዘመ፣ ከ2012 ጀምሮ ለሚመረጠው። በ2012 ተመለሱ። በ2020 ደግሞ «በተከታታይ» የሚለው ወጣ፤ ሲሰሙት ገደቡን የሚያጠብቅ ይመስላል። ጎኑ ላይ ግን ያለፉት ዘመናት አይቆጠሩም የሚል ገባ። በዚያ ስሌት እስከ 2036 መቆየት ይቻላል።

ሂሩት፦ ቻይና በ2018 የፕሬዚዳንቱን የሁለት ዘመን ገደብ ስታነሣ ድምፁ 2,958 ለ2 ነበር፣ 3 ድምፀ ተአቅቦ። የዓለም ዜና ሆነ። ነገር ግን ዋናው ሥልጣን ያለው በፓርቲው ዋና ጸሐፊነትና በወታደራዊ ኮሚሽኑ ሊቀመንበርነት ላይ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ላይ በሕገ መንግሥት የተጻፈ የዘመን ገደብ አልነበረም። ገደብ ስታነብ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህን ነው፦ የተገደበው ወንበር ሥልጣን ያለበት ወንበር ነው?

ብሩክ፦ የእኛኑ አገር ሕገ መንግሥትም በዚህ ዓይን ማንበብ ይቻላል። አንቀጽ 70 ፕሬዚዳንቱ ለስድስት ዓመት እንዲመረጥ፣ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ይላል። ዋናው አስፈጻሚ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ የእሱ ዘመን ግን በአንቀጽ 72 ከምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ጋር ነው የተያያዘው፣ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አይገድብም።

ሂሩት፦ የፓርላማ ሥርዓት አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ ነው፣ ጀርመንም ብሪታንያም ገደብ የላቸውም። እዚያ ገደቡን የሚተካው ፓርቲው መሪውን ማውረድ መቻሉ ነው። ማርጋሬት ታቸር በ1990 የወረዱት በምርጫ ተሸንፈው አይደለም። የፓርቲያቸው የምክር ቤት አባላት ድጋፍ ነው የነፈጋቸው። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ሁለቱንም አጣምራለች፦ ሁለት ዘመን የሚል ገደብ አለ፣ ግን ፕሬዚዳንት ምቤኪ በ2008፣ ፕሬዚዳንት ዙማ በ2018 ሁለተኛ ዘመናቸውን ሳይጨርሱ ፓርቲያቸው አስለቀቃቸው። ሁለቱም ጊዜ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በዲሴምበር የፓርቲው ጉባኤ ሌላ ሊቀመንበር መርጦ ነበር። ፓርቲው ውስጥ መሪውን የሚያወርድ እውነተኛ ምርጫ ከሌለ ግን የፓርላማ ሥርዓት ገደብ አልባ ሆኖ ይቀራል።

ብሩክ፦ አሁን የግራንትን ነጥብ አምጪው።

ሂሩት፦ አምጥቻለሁ። ሦስተኛ ዘመን የከሸፈባቸውን አገሮች ስታይ ያከሸፈው ብዙ ጊዜ ከገዢው ፓርቲ ውስጥ «ተራው የኔ ነው» የሚል ሰው ነው። ዛምቢያ በ2001፤ ፕሬዚዳንት ፍሬደሪክ ቺሉባ የፓርቲያቸውን ጉባኤ አሸነፉ፣ ደንቡን አስቀየሩ። ነገር ግን ምክትል ፕሬዚዳንቱና ሚኒስትሮች ተቃወሙ፣ የምክር ቤት አባላትም አፈነገጡ፤ ሁለት ሦስተኛው ድምፅ ከእጅ ወጣ። አብያተ ክርስቲያናትና የሕግ ባለሙያዎች ማኅበሩ ውጭ ሆነው ሲገፉ በሜይ ተስፋ ቆረጡ። ማላዊ በ2002፤ ገደቡን የሚያነሣው ረቂቅ የወደቀው በ3 ድምፅ ነው። ናይጄሪያ በሜይ 2006፤ ሦስተኛ ዘመን የሚፈቅደውን ማሻሻያ ሴኔቱ ጣለው፣ ከዋነኞቹ ተቃዋሚዎች አንዱ የፕሬዚዳንት ኦባሳንጆ ምክትል የነበሩት አቲኩ አቡባካር ናቸው።

ብሩክ፦ የናይጄሪያው ቁጥር ራሱ ያስተምራል። ከሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ፣ ከዚያ ከ36ቱ ክልላዊ ምክር ቤቶች 24ቱ ማጽደቅ አለባቸው። መሪው አንድ ቦታ ሁሉንም ሊያሳምን ወይም ሊደልል ይችላል፤ በብዙ ቦታ ሲሆን ግን ይከብደዋል። ኡጋንዳ በ2005 አንድ ምክር ቤት ብቻ ነበር የሚወስነው። ለአባላቱ ለእያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ሺሊንግ ተሰጣቸው፤ የመድብለ ፓርቲ ሥርዓት መመለሱም በዚያው ወቅት ስለመጣ ገደቡን ማንሣት የለውጥ አንድ ክፍል መሰለ። በ2017 ደግሞ ለፕሬዚዳንቱ የተቀመጠው የ75 ዓመት የዕድሜ ጣሪያ ተነሣ።

ሂሩት፦ የቺሉባ ታሪክ ተከታይ አለው፣ እሱን ሳናነሣ ብናልፍ ትክክል አይሆንም። ተተኪያቸውን ሌቪ ምዋናዋሳን ራሳቸው መረጡ። በ2002 ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን አነሣ፣ በሙስና ተከሰሱ፤ በ2009 ነፃ ወጡ። ሌሎች መሪዎች ይህን አይተዋል። ብዙው ሰው መሪ የሚሙጭጨው ሥልጣን ስለሚጣፍጠው ነው ይላል፤ ከለቀቅኩ በኋላ ምን ያገኘኛል የሚለው ስጋትም ያንኑ ያህል ይይዘዋል። ፍትሕ መቅረት የለበትም፣ እዚህ ላይ አልደራደርም። ግን ገደብ የሚጽፍ ሰው ስለ ጡረታ፣ ስለ ጥበቃ፣ ስለ ክስ ሥነ ሥርዓት አብሮ ካልጻፈ መሪውን ሙጥኝ እንዲል እየገፋው ነው።

ብሩክ፦ ገደብ የማያደርገውን ነገርም ማወቅ አለብን። በሜክሲኮ ፖርፊሪዮ ዲያዝ በ1876 ሥልጣን የያዙት «ዳግም ምርጫ የለም» ብለው ነው፤ ከአንድ ዕረፍት በኋላ በ1884 ተመልሰው እስከ 1911 ቆዩ። አብዮቱም በዚያው መፈክር ተነሣ። አልቫሮ ኦብሬጎን ለመመለስ ሕጉን አስቀየሩ፤ በ1928 ተመርጠው ቃለ መሐላ ሳይፈጽሙ ተገደሉ። በ1933 እገዳው ፍጹም ሆነ። ከዚያ ወዲህ በሜክሲኮ ማንም ፕሬዚዳንት ከስድስት ዓመት አላለፈም። ፓርቲው ግን ከ1929 እስከ 2000 ገዛ። ታንዛኒያም እንዲሁ፤ ኔሬሬ በ1985 ለቀቁ፣ ምዊንዪ፣ ምካፓ፣ ኪክዌቴ አሥር አሥር ዓመታቸውን ጨርሰው ሄዱ፣ ፓርቲው ግን አልተነቀነቀም።

ሂሩት፦ እኔ ግን ይህን ትንሽ አላደርገውም። ተራ ያለበት ፓርቲ ውስጥ ሚኒስትሩም ጄኔራሉም ስድስት ወይም አሥር ዓመት ጠብቆ ዕድል ስለሚያገኝ መሣሪያ አያነሣም። ዴሞክራሲ አይደለም፤ ከዕድሜ ልክ ገዢ ግን በብዙ ይሻላል።

ብሩክ፦ እንግዲህ አንድ ረቂቅ እጃችን ቢገባ ከየት እንጀምር?

ሂሩት፦ ከመጨረሻው ገጽ። የሽግግር ድንጋጌው እዚያ ነው። በሥራ ላይ ያለው ዘመን ይቆጠራል ይላል ወይስ ዝም ነው? ቀጥሎ «በተከታታይ» የሚል አለ ወይ፣ የዘመኑ ርዝመት ይቀየራል ወይ፣ ሌላ ተወዳጅ ነገር አብሮ ታሽጓል ወይ፣ ማጽደቅ ያለባቸው አካላት ስንት ናቸው። የፍርድ ቤቱን ዳኞች ማን እንደሚሾም፣ የማንኛቸው ዘመን ከምርጫው በፊት እንደሚያልቅም ተመልከት።

ብሩክ፦ ታዲያ «ያለፈውም ይቆጠራል» ብሎ በግልጽ መጻፍ ነው መፍትሔው?

ሂሩት፦ ጋምቢያ ያንን ጻፈች። ከያህያ ጃሜ የ22 ዓመት አገዛዝ በኋላ የተዘጋጀው የ2020 ረቂቅ የሁለት ዘመን ገደብ ነበረው፤ በሥራ ላይ ያለው የፕሬዚዳንት አዳማ ባሮው ዘመንም እንዲቆጠር አደረገ። በሴፕቴምበር 2020 በምክር ቤቱ 31 ደገፉት፣ 23 ተቃወሙት። ያስፈልግ የነበረው ሦስት አራተኛ ድምፅ ነው፤ ወደቀ። ተቃዋሚዎቹ በአብዛኛው የፕሬዚዳንቱ ደጋፊዎች ነበሩ። ስለዚህ አርቃቂው ሁለት ምርጫ ነው ያለው፦ ሥልጣን ላይ ያለውን ቆጥሮ ረቂቁ እንዲወድቅ ማጋለጥ፣ ወይም እንደ ትሩማን ነፃ አድርጎ ማሳለፍ። እኔ ብጠየቅ ነፃ መደረጉን እመርጣለሁ፤ ግን በዝምታ ሳይሆን በስም፣ «በዚህ ቀን ሥልጣን ላይ ያለው ሰው ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ሊመረጥ ይችላል» ተብሎ። ያኔ ፍርድ ቤት የሚተረጉመው ነገር አይኖርም።