«ባለትዳር ናት?»

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የሚጮኸው የጎረቤት ውሻ ነው፤ መቼም ለምዳችሁታል።

ባለፈው ሳምንት የሰፈራችንን አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሰባት ወሯ ነው። እኔም ያወቅኩት በቅርቡ ነው፤ ሆዷን በነጠላ ጠፍራ ነበር የምትወጣ የምትገባው።

ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ እሷን ዘሎ እኔን አየኝና «ባለትዳር ናት?» አለ። ጮክ ብሎ። ሰልፉ ከኋላችን ነው። ልጅቷ ጫማዋን ማየት ጀመረች። «ዝለለው ወንድሜ» አልኩት። ዘለለው! ለካ ይዘለላል።

ሲስተሯ ግፊቷን ለካች። ደግማ ለካች። 150 በ100። ራስሽን ያምሻል? ዓይንሽን ያጭበረብርሻል? ሽንት ስጪ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እስካሁን የት ነበራችሁ?»

ጥያቄው ልክ ነው። በእርግዝና የሚመጣ ደም ግፊት ብዙ ጊዜ ስሜት የለውም። ካልተለካ አይታወቅም፣ ከቆየ ደግሞ እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሳል። የመጀመሪያ እርግዝና ላይ ይበረታል፤ በልጅነታቸው የሚያረግዙት ደግሞ አብዛኞቹ የመጀመሪያቸው ነው።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አርፍጃለሁ። በ31 ዓመቴ፣ ደሞዝ እያለኝ፣ ክትትል የጀመርኩት በአምስተኛ ወሬ ነው። እናቴ «ሳይገፋ አይወራም፣ ዓይን አለ» ብላኝ። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ምርመራ ከ12 ሳምንት በፊት ይሁን ይላል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቢያንስ 4 ጊዜ የነበረውን ክትትል 8 አድርጎታል። እኛ ግን 4ቱንም መሙላት አቅቶን ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት 4 ጊዜና ከዚያ በላይ የታዩት ከመቶ እናቶች 43ቱ ናቸው። ይህ እንግዲህ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል በነፃ ሆኖ ነው።

ታዲያ እሷም ደበቀች፣ እኔም ደበቅኩ። የኔን መደበቅ ግን ሰው ሁሉ «ጥንቃቄ» ነው ያለው። አምስት ወሬ ላይ ስገባ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ፣ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ተባልኩ። እሷ አጠገቤ ስትቀመጥ ሴቶቹ ዝም አሉ። አንዷማ ቦርሳዋን ሳበች፤ ምን እንደፈራች አልገባኝም።

ሪፈር ተጻፈልንና ታክሲ ውስጥ ገባን። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ በእጇ ጨብጣዋለች። ትንሽ ዝም ብላ፣

«እዚያም ባል ይጠይቃሉ እንዴ?» አለችኝ።

ስለ ግፊቱ አንዴም አልጠየቀችኝም።