ሦስተኛው ደቂቃ ላይ

ሰላም፣ ሰላም። እንዴት ሰነበታችሁ። በሩ ተዘግቷል፣ ማይኩ በርቷል፣ የጎረቤቴ አውራ ዶሮ ግን ዛሬም አለ። ታውቁታላችሁ። ጃዝ ሳነሳ ነው የሚጮኸው። እንግዲህ ዛሬ ብዙ ትሰሙታላችሁ።

ቃል የገባሁላችሁ ስለ ቤዝ ክር ነበር። እሱ ይቆየን። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ አንድ ነገር አልለቀቀኝም። ስተኛ ይመጣል፣ ታክሲ ውስጥ ይመጣል። ላውራውና እንይ።

ሐሙስ እንደወትሮው እዚያው ቤት ተሰባሰብን። ድራሙ አለ፣ ሳክስፎኑ አለ፣ እኔ ቤዜን ይዤ ጥግ ላይ ነኝ። ፒያኖ የሚጫወተው ልጃችን ቀረ። በሱ ቦታ አንድ ጋሼ መጡ። ስማቸውን አልጠራም። ብዙ ዓመት ሆቴል ውስጥ ፒያኖ ሲጫወቱ የኖሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ለማሟሟቂያ ያህል ብቻቸውን ትዝታ ተጫወቱ። ቤቱ ጸጥ አለ። ቡና የምታፈላው ልጅ ጀበናዋን ትታ ቆመች።

ከዚያ ሳክስፎናችን «ጃያንት ስቴፕስን እንሞክረው» አለ።

ጋሼ ወረቀቱን ተቀበሉ። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አደረጉ። ጣታቸውን ኮርዶቹ ላይ፣ አብረው በሚመቱት ድምፆች ላይ ማለቴ ነው፣ እያስኬዱ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ረጋ ካላችሁ እከተላችኋለሁ» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» አልኩ። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

ከዚያ ሳክስፎኑ አየኝ። በቃ፣ አየኝ። እኔም ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት። ፈጣን ነበር። ሸክላው ላይ ካለው ፍጥነት ብዙም አይርቅም ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ዘፈኑን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ለማታውቁት ግን ፍጥነቱ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። አሜሪካዊው ሳክስፎኒስት ጆን ኮልትሬን ይህን የቀዳው በፈረንጆቹ ሜይ 1959 መጀመሪያ ላይ ነው። በደቂቃ 290 ምት ገደማ ይሄዳል። አንድ ዙር 16 ባር ነው፣ አንዱ ባር አራት ምት። በዚያ ፍጥነት አንዱ ዙር 13 ሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። በዚያ 13 ሰከንድ ውስጥ 26 ኮርድ አለ። ዘፈኑ ሦስት ቤት ነው ያለው፣ ቤት የምለው ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ ነው፦ ቢ፣ ጂ፣ ኢ ፍላት። ሦስቱም እኩል ተራርቀው የቆሙ ናቸው። አንዱ ቤት ገብተህ ወንበር ሳትስብ ትወጣለህ። ሁለተኛው ጋ ደርሰህ «ቤቶች» ሳትል ሦስተኛው ይጠራሃል። ኮልትሬን ይህን ነገር ቤቱ ለብዙ ጊዜ ሲፈትለው ከርሟል። መንገዱን ስለሚያውቀው ነው የሚሮጥበት።

ፒያኖው ላይ የነበረው ግን ቶሚ ፍላናጋን ነው። የዲትሮይት ልጅ። ተራ ሰው እንዳይመስላችሁ። ከዚያ በፊት፣ በ1956፣ ከሳክስፎኒስቱ ሶኒ ሮሊንስ ጋር ሳክስፎን ኮሎሰስ ላይ ተጫውቷል። ያ አልበም ዛሬም ቆሞ የሚሄድ ነው። የጃያንት ስቴፕስን ኮርድ ኮልትሬን አስቀድሞ አሳይቶታል። በዚህ ፍጥነት ይሆናል ብሎ ግን አልጠበቀም።

ሶሎው ሦስተኛው ደቂቃ ሊገባ ሲል ይጀምራል። እባካችሁ ዛሬ ማታ ስሙት። መጀመሪያ በቀኝ እጁ ይሮጣል፣ ደህና ነው። ከዚያ ሐረጎቹ ያጥራሉ። ክፍተት ይመጣል። አንድ ነገር ይጀምራል፣ ኮርዱ ከሥሩ ይሄድበታል። ሌላ ይጀምራል። መጨረሻ ላይ ዜማውን ትቶ ኮርዶቹን ብቻ እያስቀመጠ ያልፋል። ከዚያ ኮልትሬን ተመልሶ ይገባል።

ያ ቀረጻ ነው የወጣው። እስከ ዛሬ የሚሰማው እሱ ነው።

ጋሼም እንደዚያው ሆኑ። ሳክስፎናችን ጨርሶ ተራው የሳቸው ሲሆን፣ አንድ ዙር ሄዱ። ቆንጆ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ ግራ እጃቸው ቀረ። ሦስተኛው ላይ... ሁለቱንም እጃቸውን አነሱ። ቀስ ብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጧቸው። ፊታቸው አልተለወጠም። ወረቀቱን እያዩ ዝም አሉ። እኔና ድራሙ ብቻችንን ቀረን። እኔ እየተራመድኩ ነው፣ በየምቱ፣ ዱም ዱም ዱም ዱም። ፒያኖ የለም። 13 ሰከንድ አጭር ነገር እንዳይመስላችሁ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። በምን እንደሳቀ አላውቅም፣ ምናልባት ስልኩን እያየ ይሆናል። ጋሼ ግን ሰሙ። እንደሰሙ አይቻለሁ።

እኔ እኮ ማርገብ እችል ነበር። ቤዝ ነኝ። ቤዝ ካረገበ ሁሉም ይረግባል። አላረገብኩም።

ማታውን ሸክላውን እየመላለስኩ የሰማሁት ለዚህ ነው። ፍላናጋንን አልነበረም የምሰማው። ቤዙ ላይ ያለውን ፖል ቼምበርስን ነው። ድራሙን፣ አርት ቴይለርን። ፍላናጋን ሲደናቀፍ እነሱ ምን አደረጉ? ምንም። አልረገቡም። ምንም እንዳልተፈጠረ ይሄዳሉ። አንዳንዴ ስሰማው ትልቅ አክብሮት ይመስለኛል። «ወለሉ አለ፣ ስትመለስ ታገኘዋለህ» የሚሉት ይመስለኛል። አንዳንዴ ደግሞ... ጭካኔ ይሆንብኛል። ያው አንድ ቤዝ፣ ያው አንድ ዱም ዱም።

የሚገርመኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ። ከዚያ ቀረጻ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ቀደም ብሎ፣ ኤፕሪል 22፣ ኮልትሬንና ያው ፖል ቼምበርስ ኒው ዮርክ ከትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ ጋር ነበሩ። ካይንድ ኦፍ ብሉ የሚባለውን አልበም እየጨረሱ። የዚያን ቀን ከተቀዱት አንዱ ፍላሜንኮ ስኬችስ ነው። አምስት ስኬል፣ እንደኛ ቅኝት በሉት፣ አለ፣ በቃ። ተጫዋቹ አንዱ ላይ የፈለገውን ያህል ይቆያል። ወደ ሚቀጥለው የሚያልፈው ሲበቃው ነው። ሌሎቹ ይጠብቁታል። ይጠብቁታል! ቢል ኤቫንስ ፒያኖው ላይ ምን ያህል አየር እንዳለው ስሙት። ያንን ለጋሼ ሰጥተናቸው ቢሆን ኖሮ ቤቱን ያስለቅሱት ነበር። ትዝታ ላይ የሚያደርጉት እኮ ይህንኑ ነው። አንድ ቅኝት ውስጥ ተቀምጦ ሩቅ መሄድ።

ስለዚህ የጃዝን ታሪክ እንደ ደረጃ ሲያስተምሩን አይዋጥልኝም። ስዊንግ፣ ቀጥሎ ቢቦፕ፣ ቀጥሎ ኩል፣ ሞዳል፣ ፍሪ፣ ፊውዥን። አንዱ ሲወጣ አንዱ ይወርዳል ይሉናል። አንድ ሰው ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከሁሉ ሰፊውንና ከሁሉ ጠባቡን ተጫውቷል። ማይልስ ኮርዱን ሲቀንስ ኮልትሬን ያጭቀዋል። በዚያው ሜይ፣ በ22ኛው ቀን፣ ኦርኔት ኮልማን ሎስ አንጀለስ ገብቶ ዘ ሼፕ ኦፍ ጃዝ ቱ ካምን ሲቀዳ ፒያኖውን ጭራሽ አወጣው። አልቶ ሳክስፎን፣ ኮርኔት፣ ቤዝ፣ ድራም። ኮርድ የሚያስቀምጥ ሰው የለም። ሁሉም በአንድ ጸደይ። የትኛው ደረጃ ላይ ነው ያሉት ታዲያ?

እና ኮልትሬን ራሱ በዚያ ሩጫ ላይ አልቀረም። በ1960 ማይ ፌቨሪት ቲንግስን ሲቀዳ ሁለት ኮርድ ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ይዞራል። ዲሴምበር 1964 ላይ ኤ ላቭ ሱፕሪም። ጁን 1965 ላይ አሴንሽን፣ 11 ሰው ሆነው። በ1967 ሞተ፣ ገና 40 ዓመቱ ነበር። ጃያንት ስቴፕስን አልፎት ሄዷል ማለት ነው። ፍላናጋን ግን እዚያ ሦስተኛ ደቂቃ ላይ ቀረ። እኛ እየሰማን።

...ዶሮው ሰማችሁት? ቆይ ይጨርስ።

ምን እያልኩ ነበር። አዎ። የቢቦፕ፣ የዚያ ፈጣንና ውስብስብ ጃዝ፣ ሰዎች ጉዳይ። ሐርለም ውስጥ ሚንተንስ የሚባለው ቤት፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ። ተሎኒየስ መንክ ፒያኖው ላይ፣ ኬኒ ክላርክ ድራሙ ላይ፣ ዲዚ ጊሌስፒ በትራምፔት፣ ቻርሊ ፓርከር በሳክስፎን። እዚያ ኮርዱን ሆን ብለው ያከብዱት ነበር። ያልበሰለው ራሱ እንዲወርድ። ይህን ስንተርከው ደስ ይለናል። ፓርከር ራሱ 16 ዓመት ገደማው ሳለ ካንሳስ ሲቲ ላይ ተደናግጦ ሲጠፋበት፣ ድራመሩ ጆ ጆንስ ሲምባሉን፣ የድራሙን የናስ ሳህን፣ ነቅሎ እግሩ ሥር ወረወረበት። ልጁ ወጣ፣ ሄዶ ልምምዱን ሠራ፣ ተመልሶ ሙዚቃውን ገለበጠው። ስንት ጊዜ ነው ይህን ታሪክ የተረክሁላችሁ። ስንት ጊዜ «ያ ሲምባል ባይኖር ፓርከር አይኖርም» ብዬ ነገርኳችሁ።

አሁን ግን ሌላ ሰው ይታየኛል። ሲምባል ተወርውሮበት ቤቱ ሄዶ ሳክስፎኑን አልጋ ሥር ያስገባ ሰው። እሱን ማን ይተርክለታል? ደግሞ ቢቦፕ በተወለደበት ጊዜ፣ ከኦገስት 1942 ጀምሮ፣ የሙዚቀኞች ማኅበር ከሸክላ ኩባንያዎች ጋር ተጣልቶ ቀረጻ አቁሞ ነበር። ከትልልቆቹ ሁለቱ እስከ 1944 መጨረሻ አልተስማሙም። ስለዚህ የእነዚያ ሌሊቶች ድምፅ በብዛት አልቀረልንም። እነዚያ ሁሉ መደናቀፎች ከጭሱ ጋር ሄደዋል። የፍላናጋን ግን ተቀዳ። ያሳዝናል ልል ነበር። ግን እሱ ባይቀዳ እኔ ዛሬ የጋሼን እጅ በምን ጆሮ እሰማው ነበር? እንጃ።

አዳማ ላይ ለእኔ የተደረገልኝን ታውቃላችሁ። ሠርጉ ላይ። ደጋግሜ አውርቼዋለሁ፣ አልደግመውም። ያን ቀን አንድ ሰው አረገበልኝ። ማንም ሳያውቅ። እኔም ሳላውቅ ነበር፣ በኋላ ነው የገባኝ። ያ ሰው ያን ቀን ባያረግብልኝ ዛሬ ቤዝ አልይዝም። ይህን አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው ሐሙስ ማታ...

ለምን አላረገብኩም? ሳክስፎኑ እያየኝ ስለነበር ነው። ከባድ ነገር መጫወት እንደምችል እንዲያይ ፈልጌ ነበር። በቃ ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ሲያልቅ ጋሼ ተነሱ። መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ወደ እኔ መጥተው ትከሻዬን ያዝ አደረጉና «እጅህ ጠንካራ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ከልባቸው ነበር። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ቡናውን አልጠጡም። «መሽቶብኛል» ብለው ሄዱ። በር ድረስ እንኳ አልሸኘኋቸውም፣ ቤዙ አንገቴ ላይ ነበር። ማውረድ ይቻል ነበር እኮ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍላናጋን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የዘፋኟ ኤላ ፊትዝጄራልድ አጃቢ ሆኖ ሠራ። ከሰው ኋላ ተቀምጦ ሰውን የሚያስውብ። ከዚያ በ1982 ስቱዲዮ ገብቶ ጃያንት ስቴፕስን ቀዳው። በራሱ ስም፣ በሦስት ሰው፣ ሳክስፎን በሌለበት። አልበሙን በኮልትሬን መታሰቢያነት ነው ያወጣው። ትናንት ማታ እሱን ሰማሁት። በዚያች ዜማ ላይ እንደ ቤቱ ይመላለስባታል። የሚያሳድደው ሰው የለም። ከመጀመሪያው ቀረጻ 23 ዓመት በኋላ ነው። ኮልትሬን ከሞተ 15 ዓመት ሆኖታል።

በመጀመሪያ ሳዳምጠው አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ላይ ተናደድኩ። 23 ዓመት! ሰው ይህን ያህል ይሸከማል? ወይስ ሸክም አልነበረም፣ ቂም የሌለበት ፍቅር ነበር? መታሰቢያ ነው እኮ ያለው። ለዚያ ቀን ለቆጠረው ሰው።

ጋሼ ደግሞ 23 ዓመት... አይ። ይህን አልልም።

ስልካቸው አለኝ። ከሐሙስ ወዲህ ሦስት ጊዜ አውጥቼ አይቼዋለሁ። ምን እላለሁ? «ጋሼ ይቅርታ፣ ፈጥኜ ቆጠርኩ» ብል ያን ማታ መልሼ ፊታቸው ላይ ማስቀመጥ አይሆንም? ምናልባት ረስተውታል። አልረሱትም። ወይም «ትዝታ እንጫወት፣ እኔ ቤዝ እይዝልዎታለሁ» ብል? ይሄ ደግሞ እንደ ማባበል ይሆንብኛል። የሚወዱትን አውቆ እንደ መስጠት። ጃያንት ስቴፕስን እራሱን፣ ረጋ አድርገን፣ መጀመሪያ እንደጠየቁኝ...

ነገ ሐሙስ ነው። የፒያኖው ልጅ እመጣለሁ ብሏል፣ ስለዚህ ቦታው ተይዟል። ሁለት ሰው በየተራ መቀመጥ ይችላል ግን። ይችላል።

ቆይ፣ እስኪ ሦስተኛውን ደቂቃ አንድ ጊዜ ልክፈተውና፣ ቼምበርስ እዚያች ቦታ ላይ የሆነ ነገር ያደረገ መሰለኝ ትናንት፣ ትንሽ ከበድ ያለ፣ ምናልባት...