«ተቀበል አባዬ!»

እንደምን አደራችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ! ደብረ ማርቆስ ድረስ ጠርታችሁ ስለ ልጅነቴ ሙዚቃ አጫውተን ስላላችሁኝ ደስ ብሎኛል። ስትጋብዙኝ አንድ ነገር ጠይቃችሁኝ ነበር፤ ልጆቻችን ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ምን ያድርጉ? መልሴ አጭር ነው። ቤት ውስጥ ይዝፈኑ። ከእናንተ ጋር።

እኛ ያደግነው ደምበጫ አካባቢ ነው። እንደምታውቁት በጎጃም ገጠር ቅዳሜም እሁድም ሰንበት ነው። በሬ አይጠመድም፣ እህል አይፈጭም። ሳምንቱን ሙሉ ሞፈር ይዞ የከረመ እጅ በእነዚህ ሁለት ቀናት ያርፋል። የአባቴ እጅ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም ነበር። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እናቴ ቡና ስታቀራርብ እሱ ማሲንቆውን ከግድግዳው ያወርዳል።

ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ብቻ ነው፤ ክሩም ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። አባቴ ጭራውን የሚያስመጣው ከእንጅባራ በኩል ነበር፣ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓላቸውን ከሚያከብሩበት አገር። መጀመሪያ የቆዳውን ፊት ወደ ምድጃው አስጠግቶ ያሞቀዋል፤ ክረምት ላይ ቆዳው እርጥበት ስለሚይዝ ድምፁ ይታፈናል። ሲሞቅ በጣቱ ጫፍ መታ መታ አድርጎ ያዳምጠዋል። ከዚያ ከእናቴ ማጨሻ አጠገብ ቁራጭ እጣን አንስቶ ደጋኑን ይቀባዋል። እጣን ያልነካው ጭራ ክሩ ላይ ሙልጭ እያለ ያልፋል እንጂ ድምፅ አያወጣም። «ኧረ እጣኔን ጨረስከው!» ትለዋለች፣ በየሳምንቱ። እሱ በአፉ አይመልስላትም፤ የምትወደውን ዜማ በትዝታ ቅኝት ይጀምርላታል።

አባቴ ግን ብቻውን አይዘፍንም ነበር። አዝማሪ ባለበት ሁሉ ሰሚው ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበላል። በእኛም ቤት ሕጉ ይኸው ነበር። ግጥም የሚሰጡት ልጆች ናቸው። «ተቀበል አባዬ!» እንላለን። ታናሽ እህቴ ገና ፊደል ሳትቆጥር የሰጠችው ግጥም እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ ይባላል፤

ቡናው ተቆላና ሽታው ከቤት ወጣ፣
ጎረቤት ሳይጠራ እየሳቀ መጣ።

አባቴ ይህን ተቀብሎ ደጋግሞ አዜመው፣ እናቴ እልል አለች፣ ጎረቤቱም እውነት መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሁሌ ግን እንዲህ አይሳካም። ግጥሙ ካጠረ አባቴ አይቆጣም፣ አያርምም፤ የጎደለችውን ቦታ ድምፁን ስቦ ይሞላትና ይቀጥላል። ያን ጊዜ የጎደለው ምን እንደሆነ የገዛ ጆሮህ ይነግርሃል። በሚቀጥለው ሳምንት አስተካክለህ ትመጣለህ። ቤት መምታት ምን እንደሆነ፣ ስንኝ የት ላይ እንደሚያርፍ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው እንላለን፤ የቅኔ ቤቶቻችንን ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን እየጠራን እንኮራለን። ልክ ነው፣ ልንኮራ ይገባል። ነገር ግን ቅኔ ቤት የሚገባው በአብዛኛው ወንድ ልጅ ነበር። እህቴ የቃል ሀብቷን ያገኘችው እዚያው ቡናው አጠገብ ነው። ለዚህ ነው የቤት ዘፈን ቀላል ነገር የማይመስለኝ።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። «ልጆችህን አዝማሪ ልታደርጋቸው ነው?» እያለ አባቴን የሚወቅስ ዘመድ ነበረን። ታላቅ ወንድሜ ከሁላችንም የተሻለ እጅ ነበረው፤ ያን ቃል ደጋግሞ ሲሰማ ማሲንቆ መንካት ተወ። አዝማሪን እንደ ስድብ የምንጠራ ሰዎች እኮ ሠርጋችን ላይ አዝማሪ ከሌለ ደስ አይለንም! እባካችሁ ይህን ቃል ልጅ ላይ አትወርውሩ።

በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን ማሲንቆው ከግድግዳው አይወርድም። ያኔ ዘፈን የለም፤ እናቴ መዝሙር ታስጀምረናለች፣ የራዲዮው ድንጋይ ካላለቀ ደግሞ በገና እንሰማለን። ፋሲካ ሲደርስ ማሲንቆውን ለማውረድ የምንሻማው ሽሚያ!

እና የምለምናችሁ ይህን ነው። የሙዚቃ መምህር እስኪመጣ አትጠብቁ። ማሲንቆ ከሌለ ጭብጨባ ይበቃል። አያት ያላችሁ ደግሞ የፊታችን እሁድ ስልካችሁን አውጡና ሲያንጎራጉሩ ቅዱ፤ ዘፈኑን ከማን እንደሰሙት፣ በሠርግ ይሁን በደቦ የሚዘፈነው የት እንደሆነ ጠይቋቸው። ልጁ ግጥም ሲሰጣችሁ ተቀበሉት። ቤት ባይመታም ተቀበሉት።

ብዙ አወራሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁት ልጆች፣ ኑ ወደ ፊት ቅረቡ። ማሲንቆው ተቃኝቷል። የመጀመሪያውን ግጥም ማን ይሰጠናል?