የራስ ቅማል፦ ላምባውን ተዉት፣ ማበጠሪያውን አምጡ

ሰላም ናችሁ? ዛሬ ስለ ቅማል ነው የማወራችሁ፣ ስለ ልጆች የራስ ቅማል። እዚህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ትምህርት በተከፈተ ቁጥር ልጆቹ ራሳቸውን ያካሉ፣ እናቶች ደግሞ እርስ በርስ እንኳ ለመናገር ያፍራሉ። ምንም አያሳፍርም። ቅማል ንጹሕ ፀጉር ላይም ይገባል። አይዘልም፣ አይበርም፤ ልጆች ጭንቅላታቸውን ገጥመው ሲጫወቱ ወይም አብረው ሲተኙ እየዳኸ ይሻገራል።

በመጀመሪያ ግን አደራ፣ ላምባ ልጅ ራስ ላይ አታፍስሱ። ቆዳ ይልጣል። መብራት ጠፍቶ ሻማ በርቷል፣ ቡናው ከሰል ላይ ተጥዷል፣ ፀጉሯ በላምባ የራሰ ልጅ በዚያ በኩል ስታልፍ አስቡት። የትኋን መርጫም ያው መርዝ ነው፣ አይሞከርም።

ቅቤስ? ቅቤና ዘይት ቅማሉን ያዳክሙታል፣ ማበጠሪያውንም ያንሸራትቱታል። ቅጫሙን ግን አይገድሉትም። አቼቶም አይገድለውም። ሥራውን የሚሠራው ማበጠሪያው ነው።

(ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ማበጠሪያና ነጭ ሶፍት ይታያል)

ሹሩባውን ፍቱት። ፀጉሩን እጠቡና ሳይደርቅ ኮንዲሽነር በደንብ ቀቡት፣ ከሌለ ዘይት ይሆናል። መጀመሪያ በሰፊው ማበጠሪያ አፍታቱት፣ ከዚያ ትንሽ ትንሽ እየከፈላችሁ ጥቅጥቁን ከራስ ቆዳው ጀምራችሁ እስከ ጫፉ ሳቡት፣ በሳባችሁ ቁጥርም ሶፍቱ ላይ ጥረጉት። ሰሊጥ የምታክል፣ ቡናማ፣ እግር ያላት ነገር ካያችሁ እሷ ናት። ከጆሮ ጀርባና ማጅራት አካባቢ በደንብ እዩ። ፎረፎር ስትነኩት ይረግፋል፣ ቅጫም ግን ፀጉሩ ሥር ተጣብቆ በጥፍር ካልሳባችሁት ንቅንቅ አይልም።

እኔ የልጄን ፀጉር መጀመሪያ ያበጠርኩ ቀን 14 ቅማል አወጣሁና ተገላገልኩ ብዬ ተውኩት። በሳምንቱ ማታ ማታ እንደገና ማከክ ጀመረች። ለካ ቅጫሙ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላል፣ አንዲት ቅማል ደግሞ በቀን እስከ 8 እንቁላል ትጥላለች። ስለዚህ በ1ኛው፣ በ5ኛው፣ በ9ኛውና በ13ኛው ቀን አበጥሩ፣ የተፈለፈሉት አድገው ሳይወልዱ ትደርሱባቸዋላችሁ። በ17ኛው ቀን ፈትሹ። የቤቱን ሰው ሁሉ ራስ በአንድ ቀን እዩ፣ የአባትየውንም ጭምር።

ማበጠር ከከበዳችሁ ፋርማሲ 1 ፐርሰንት ፐርሜትሪን የሚባለውን የቅማል መድኃኒት ጠይቁ። እሱም በ9ኛው ቀን አካባቢ ይደገማል። ጨቅላ ካላችሁ ግን ሐኪም ሳታማክሩ አትቀቡ።

ፍራሽ ማቃጠል አያስፈልግም። የራስ ቅማል ከራስ ከወረደ በ1 ወይም በ2 ቀን ይሞታል። ሻሹን፣ ኮፍያውንና የትራስ ልብሱን በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ። ልብስ ስፌት ውስጥ የሚደበቀው ቅማል ሌላ ነው፣ ግርሻና ታይፈስ የሚያስተላልፈው እሱ ነው፤ ያን ካያችሁ ልብሱን ቀቅሉት፣ ትኩሳት ካለ ቶሎ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የልጃችሁ ጓደኛ እናት ዛሬውኑ ትወቅ፣ ሁለታችሁም በተመሳሳይ ቀን እያበጠራችሁ ከሄዳችሁ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ተመልሶ አይሻገርም። ካላንደሩንም አውርዱና የዛሬዋን ቀን አክብቧት።