የመኪናችሁን ብሎን ሳታዩ ቁልፍ አትግዙ

[ኮፈኑ ይከፈታል። ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ባትሪው ይጠጋል።]

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ቤት ውስጥ ለሚሠሩ ቀላል የመኪና ሥራዎች ምን ምን መፍቻ እንደሚያስፈልግ እናያለን። ሱቅ ከመሄዳችን በፊት ግን ኮፈን እንክፈት።

ይህ ቶዮታ ቪትዝ ነው። የባትሪው ማሰሪያ ላይ ያለችው ትንሽ ዳዶ 10 ቁጥር ናት፤ ከጎን እስከ ጎን 10 ሚሊሜትር ማለት ነው። ዙሪያውን ስታዩ 12 እና 14 ይበዛሉ። ከታች ዘይት የሚፈስበት ብሎን 14 ነው። የጎማው ዳዶ 21። የቶዮታ መኪና የያዘ ጀማሪ አብዛኛው ሥራው በእነዚህ አራት ቁጥሮች ያልቃል።

[ጠረጴዛ ላይ ትልቅ የመፍቻ ሳጥን ሲከፈት።]

እኔ ይህን ሳላውቅ ነው ከመቶ ፍሬ በላይ ያለውን የሚያብረቀርቅ ሳጥን የገዛሁት። ሲከፈት ደስ ይላል። ግማሹ ግን እስከ ዛሬ ከቦታው አልተነሳም። የኢንች ቁጥሮችም አሉበት። የጃፓን መኪና በሚሊሜትር ነው የሚሄደው። ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊሜትር ነው። 12 ቁጥር ብሎን ላይ ብታስገቡት ይገባል፤ ስትታገሉት ደግሞ ጭንቅላቱን ይልጠዋል።

ብሎን መላጥ ካነሳን አይቀር እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የጀማሪ ትልቁ ጠላት እሱ ነው።

[ሁለት ቡሶላ ጎን ለጎን፣ አፋቸው ወደ ካሜራው ዞሮ።]

እነዚህ ሁለቱም 12 ቁጥር ቡሶላ ናቸው፤ እጀታ ላይ ተገጥመው ብሎኑን እንደ ኮፍያ የሚሸፍኑት። የግራው ውስጡ ስድስት ማዕዘን አለው። የቀኙ አስራ ሁለት። የብሎኑ ጭንቅላት ስድስት ማዕዘን ነው። ባለ ስድስቱ የብሎኑን ጠፍጣፋ ጎኖች አቅፎ ይይዛል። ባለ አስራ ሁለቱ ግን ጫፍ ጫፉን ነው የሚይዘው። ጠባብ ቦታ ላይ ለማስገባት ይመቻል፤ የዛገና የጠበቀ ብሎን ላይ ግን ጫፉን በልቶ ይወጣል። እኔ የመጀመሪያዋን የባትሪ ዳዶ ያበላሸሁት በዚህ ነው። 10 ቁጥር፣ ባለ አስራ ሁለት፣ ርካሽ። ዳዶዋ እንደ ጠጠር ክብ ሆና ቀረች። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ጋራዥ ሄጄ በፒንሳ ተፈታ። መካኒኩ ምንም አላለኝም። ፈገግ ብቻ አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ቡሶላ ስትገዙ ባለ ስድስት ማዕዘን በሉ። 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ከእጀታውና ከማስረዘሚያው ጋር። ከተቻለ 10 ቁጥርን ሁለት አድርጉት። ሞተር ውስጥ ወድቆ የሚጠፋው ሁልጊዜ እሱ ነው። ቡሶላ ለማይገባበት ቦታ ደግሞ በአንድ ጫፉ ቀለበት፣ በሌላው አፍ ያለው ቁልፍ በ10፣ በ12 እና በ14 ያዙ። ማላላት ስትጀምሩ በቀለበቱ፣ ከላላ በኋላ በአፉ።

ከየት ይገዛ? አዲስ አበባ ላይ ያላችሁ መርካቶ አለላችሁ። እኔ አዲስ ርካሽ ከምገዛ ምናለሽ ተራ ዞሬ ያገለገለ ግን ጠንካራ ቁልፍ ብፈልግ እመርጣለሁ። አፉ ያልሰፋ፣ ያልተሰነጠቀ መሆኑን ተመልከቱ። ብሎን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሞክሩት። ሲገባ ወዲያ ወዲህ ካላለ ጥሩ ነው።

[ካቻቢቴ እና በጣም ከቅርብ የተነሳ የብሎን ምስል።]

ካቻቢቴ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የጃፓን መኪና ላይ ያለው የመስቀል ብሎንና ሱቅ የምናገኘው ተራ ባለ መስቀል ካቻቢቴ አንድ ይመስላሉ፤ ግን አይደሉም። ጃፓኖች የራሳቸው ደረጃ አላቸው፤ ጄአይኤስ ይባላል። የጫፉ ቅርጽ በትንሹ ይለያል። ተራው ካቻቢቴ እስከ ታች አይቀመጥም፤ ጠበቅ ስታደርጉት ተንሸራቶ መስቀሉን ይበላዋል። ጄአይኤስ የሚል ካገኛችሁ ውሰዱ። ካላገኛችሁ በልክ የሚገባውን መርጣችሁ፣ ከምታዞሩት በላይ ወደ ውስጥ ግፉት።

[መንገድ ዳር። ጎማው የተነፈሰ መኪና።]

አሁን ወደ ጎማ። ጎሚስታ ጋ ዳዶው የሚጠብቀው በአየር መሣሪያ ነው። ድምፁን ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ይጠብቃል። ከዚያ ማታ መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ፣ ከመኪናው ጋር የመጣችውን አጭር መፍቻ ይዛችሁ ትታገላላችሁ። ዳዶው ንቅንቅ አይልም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ቪትዝ ላይ የጎማ ዳዶ መጥበቅ ያለበት ወደ 103 ኒውተን ሜትር ነው። 25 ሴንቲሜትር በሆነ እጀታ ይህን ለማምጣት 40 ኪሎ ያህል መጫን ይጠይቃል። እጀታው 50 ሴንቲሜትር ከሆነ 20 ኪሎ ይበቃል። ጉልበት አይደለም የጎደላችሁ፣ ርዝመት ነው። ስለዚህ 21 ቁጥር ቡሶላ ከረጅም እጀታ ጋር፣ ወይም ባለ መስቀሉን የጎማ መፍቻ ግዙ። ከቡሶላው ሁሉ በፊት ይህ ይቅደም ባይ ነኝ። ረጅሙ እጀታ ግን ለመፍታት ነው። ስታጠብቁ በእግራችሁ አትቁሙበት።

ክሪክ መኪናው ውስጥ አለ። የሚቀመጠው በጎን ከበሩ ስር፣ የብረቱ ጠርዝ ላይ ሁለት ቁረጥ ቁረጥ ያሉ ምልክቶች ባሉበት መሐል ነው። ሌላ ቦታ ከሆነ ወለሉን ያጎብጠዋል። ኮብልስቶን ላይ ወይም ለስላሳ አፈር ላይ ከሆናችሁ ከክሪኩ ስር ወፍራም ጣውላ አድርጉ። ጣውላዋ ሁልጊዜ ከኋላ ትኑር። በሰያፍ በኩል ያለውን ጎማ በድንጋይ ደግፉ። ዳዶውን መኪናው መሬት ላይ እያለ አላሉት፤ ከተነሳ በኋላ ጎማው አብሮ ይዞራል።

አንድ ነገር በደንብ ስሙኝ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ስር ማንም አይግባ። እጅም ቢሆን። ስሩ የሚያስገባ ሥራ ካላችሁ ሁለት የብረት መቆሚያ ግዙ። ያ ካልተቻለ ሥራው ለጋራዥ ይተው። እኔ ዘይት መቀየርን ከጀማሪ ዕቃ ዝርዝር ያወጣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

[የሹፌሩ በር ተከፍቶ፣ ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት።]

የጎማ ንፋስ መለኪያ። ትንሽ ናት፣ ኪስ ትገባለች፣ ከሁሉም በላይ የምትጠቀሙበት እሷን ነው። ጎሚስታው «ስንት ልሙላ?» ሲል ብዙዎቻችን በደመ ነፍስ 30 እንላለን። መልሱ በሩ ጋ ተለጥፏል። ከጃፓን የመጣ ከሆነ ጽሑፉ በጃፓንኛ፣ ቁጥሩ በኪሎ ፓስካል ነው። ለ6.9 አካፍሉት። 220 ከሆነ በጎሚስታው መለኪያ (ፒኤስአይ) 32 ማለት ነው። የምትለኩት ጠዋት መኪናው ሳይነዳ ነው፤ ጎማ ሲሞቅ ቁጥሩ ይጨምራል።

[ቴስተር ባትሪ ላይ።]

ቮልት የሚለካው ቴስተር፣ ርካሹም ይሆናል። መኪናው አድሮ ስትለኩ 12.6 ቮልት ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው። ወደ 12 ከወረደ ሊያልቅ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ከ13.7 እስከ 14.7 ካላሳየ ጥፋቱ ምናልባት ከባትሪው ሳይሆን ከሚሞላው ዲናሞ ነው። ይህን ሳያውቅ አዲስ ባትሪ የገዛ ስንቱ ነው! ባትሪ ስትፈቱ መጀመሪያ ኔጌቲቩን። ፖዘቲቩን ስትፈቱ ቁልፉ ቦዲ ቢነካ እሳት አይረጭም።

ከሌላ መኪና ለማስነሳት የሚሆን ኬብል ስትገዙ ላስቲኩ ወፍራም ስለሆነ አትታለሉ፤ ጫፉን ገልጣችሁ መዳቡን እዩ። የመጨረሻው ጥቁር ጫፍ የሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ሞተሩ ላይ ቀለም ያልተቀባ ብረት ላይ ይታሰራል። ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ሊያወጣ ይችላል፣ ብልጭታው ከእሱ ይራቅ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ፣ ጎማና 12 ቮልት ባትሪ እናንተም ጋ አለ። ከፍተኛ ቮልት ያለበት ብርቱካናማ ኬብል ግን አይነካም። ክሪክ የሚገባበትንም ከመመሪያው አንብቡ፤ ስሩ ያለው ትልቁ ባትሪ ነው።

ጓንት፣ ጨርቅ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት። ስልክ በጥርስ ነክሶ መሥራት ይቅርባችሁ።

[የመኪናው የኋላ ዕቃ መያዣ ይከፈታል፣ ምንጣፉ ይነሳል።]

ሁሉንም በአንድ ጠንካራ ቦርሳ አድርጋችሁ ከኋላ ስታስቀምጡ ምንጣፉን አንሱና ስኮርታውን ለኩት። ቀጭኗ ጊዜያዊ ጎማ ከሆነች ጎኗ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ 420 ኪሎ ፓስካል ይላል፣ ወደ 60 ማለት ነው። የኔን ስለካት 15 ነበረች።